አይብ በቢራ እና የረሳነው ሰው



በዚህ ገጽ ስለ ውሃ ሰልፍ፣ ስለ ምዝገባና ስለ ራሽን ሲጻፍ ማንበብ ለምደናል። ዛሬ ግን ስለ ድግስ እንጽፋለን። በድግሱ ላይ ስላጠፋነው ጥፋትም ጭምር ነው የምንጽፈው። ጥፋታችንን አደባባይ ያወጣነው የተበደለው ሰው ራሱ «ጻፉት፣ ለሌላውም ይጠቅማል፤ ስሜን ብቻ ተዉት» ስላለን ነው።

«እኛ» የምንለው በካኩማ ካምፕ ከአንድ ቧንቧ የምንቀዳ ሰባት ቤቶችን ነው። ከሰባቱ አራቱ ኦርቶዶክስ፣ ሁለቱ ጴንጤ፣ አንዱ ሙስሊም ናቸው። ከጀርባችን ደግሞ የሶማሌ ጎረቤቶች አሉን። ካምፑ በ1992 እ.ኤ.አ. ከተቆረቆረ ብዙም ሳይቆይ የገቡ ሽማግሌዎች ከመካከላችን አሉ፤ ትናንት የመጡም አሉ፤ እዚሁ ተወልደው አገራቸውን በወሬ ብቻ የሚያውቁ ልጆችም አሉ። ቧንቧው አንድ ስለሆነ ግን ወሬያችን አንድ ነው፤ ደስታና ሐዘናችንም እንደዚያው።

ነገሩ እንዴት ተጀመረ?

የ2017 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። ዘመን መለወጫ ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውል ጾሙ እንደማይሻር ታውቃላችሁ። ስለዚህ በዕለቱ ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው ከቤት ቤት ዞሩ፣ እኛም ሽሮና ጎመናችንን በልተን ዋናውን ድግስ ወደ ሐሙስ መስከረም 2 አዛወርነው። ሐሙሱ ሌላም ምክንያት ነበረው። ከሰባቱ ቤቶች የአንዱ ኬዝ አልቆ ፍላይት ወጥቶለት ነበር። እንግዲህ በዓሉም ሽኝቱም በአንድ ቀን መሆኑ ነው።

ተጠሪዎቹን ስንቆጥር ልጆችን ጨምሮ ወደ 60 ሰው ሆነ። ባዋጣነው ገንዘብ የተገዛችው ደግሞ አንዲት ፍየል ናት። አንዲት ፍየል ለ60 ሰው ሽታ ልትሆን ትችል ይሆናል እንጂ ወጥ አትሆንም። ሰው ከገባ ጀምሮ ወጡ እስኪደርስ አፉን የሚያሟሽበት፣ ሆዱንም ትንሽ የሚያስታግስበት ነገር መገኘት ነበረበት። ቆሎ ይበቃል ያለ ነበር። ቆሎ ግን ሁልጊዜ ቆሎ ነው፤ ለሽኝት ለየት ያለ ነገር ይሁን ተባለ።

በዚህ መካከል ከቧንቧችን የሄደ፣ አሁን በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት የሚሠራ ልጃችን በስልክ ድምፅ ላከልን። «እትዬ፣» አለ፣ «እዚህ አገር ለድግስ የሚቀርብ አይብ በቢራ የሚባል ነገር አለ። ብስኩት ላይ ይቀቡታል፣ ካሮትም ያጠቅሱበታል። እሳት አያስፈልገውም። ለምን አትሞክሩትም?»

እኛ መጀመሪያ ሳቅን። አይብ በጎመን ሰምተናል፣ አይብ በክትፎ ሰምተናል። አይብ በቢራ ደግሞ ከየት መጣ?

የኬንታኪው አይብ

ልጁ እንደነገረንና ቆይተንም እንዳረጋገጥነው፣ ነገሩ እዚያ ግዛት ውስጥ ታሪክ ያለው ነው። ከ80 ዓመት በፊት ገደማ በኬንታኪ ወንዝ ዳር፣ ዊንቸስተር በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ጆኒ ኦልማን የሚባል ሰው ምግብ ቤት ነበረው። የአጎቱ ልጅ ጆ፣ ከአሪዞና የመጣ ወጥ ሠሪ፣ አይብና ቢራ አቡክቶ ቃሪያ ጨምሮበት አቀረበለት ይባላል። ለጠጪዎች በነፃ ይሰጥ ነበር። ነፃ የሆነበት ምክንያት ቸርነት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጨዋማና የሚያቃጥል ስለሆነ የበላ ሰው ይጠማዋል፣ የጠማው ደግሞ ሌላ ቢራ ያዛል። የእኛም ጠላ ቤቶች ጨው የነካው ቆሎ የሚያቀርቡት ለዚሁ አይደል? ዊንቸስተር ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህን አይብ ፌስቲቫል ታዘጋጃለች።

አሠራሩ ቀላል ነው። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ፣ ብዙ የቆየና ጠንከር ያለ ቼዳር የሚባለው ቢጫ አይብ ይፈቀፈቃል። ነጭ ሽንኩርት፣ ደቃቅ የሚያቃጥል ቃሪያ፣ ጥቂት ሰናፍጭ ይጨመርበታል። ከዚያ ቢራ በጥቂት በጥቂቱ እየፈሰሰ እንደ ቅቤ እስኪለሰልስ ይታሻል። ቢራው ቀደም ብሎ ተከፍቶ አረፋውና ጋዙ የወጣለት መሆን አለበት። እንዲያውም ከትናንት የተረፈ ቢራ ይሻላል ይላሉ። በጀርመን ባቫሪያ ውስጥም ኦባትስዳ የሚባል የዚህ ዘመድ አለ፤ እሱም በጣም የበሰለ ለስላሳ አይብ በቅቤ፣ በሽንኩርትና በጥቂት ቢራ የሚታሽ ነው። ሁለቱም ላይ ያስተዋልነው አንድ ነገር አለ። የቆየ አይብና ጋዙ የወጣ ቢራ ብቻቸውን ማንም አይፈልጋቸውም። አንድ ላይ ሲታሹ ግን ለእንግዳ የሚቀርቡ ሆኑ። ይሄ ለስደተኛ ቤት የሚሆን ዘዴ ነው አልን።

ሦስቱ ሙከራዎች

ቼዳር የለንም። ናይሮቢ ቢገኝም ዋጋው የእኛ አይደለም። ያለን የራሳችን አይብ ነው፣ እሱንም መሥራት ነበረብን። 5 ሊትር ወተት አገኘን፤ ግማሹ ከገበያ የተገዛ የፍየል ወተት፣ ግማሹ በውሃ የተበጠበጠ የዱቄት ወተት። የፍየሉን መጀመሪያ አፈላነው። ጥሬ ወተት ብሩሴላ የሚባለውን በሽታ እንደሚያስተላልፍ የጤና ሠራተኞቹ በየጊዜው ይነግሩናልና በዚህ ቀልድ የለም። ለብ ሲል እርጎ ጠብ አድርገንበት ሸፍነን አሳደርነው። በካኩማ ሙቀት ወተት ለመርጋት ብዙ አይለመንም፤ ጠዋት እርጎ ሆኖ አገኘነው። ከዚያ በለስላሳ ከሰል ላይ፣ ሳይፈላ፣ እጅ መቻል እስኪያቅተው ድረስ ብቻ አሞቅነው። አይቡ ከአጓቱ ሲለይ አውርደን አቀዘቀዝነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። አይቡን በወንፊት አጥልለን ብቻ አዲስ የተከፈተ ቢራ ገለበጥንበት። አረፋ ደፈቀ፣ ቀጠነ፣ አጥሚት መሰለ። እማማ፣ ማለትም ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እናታችን፣ አዩትና «ይሄንን በማንኪያ ነው የምታቀርቡት ወይስ በብርጭቆ?» አሉ።

ሁለተኛው ላይ ቢራውን ትተን ጠላ አደረግንበት። የራሳችን ይሁን ብለን ነበር። ግን የጠላ ምሬት ከጌሾው ነው፣ ጢሱም አለ፤ አይብ ደግሞ ገራም ነገር ነው፣ ጨውም የለውም፣ መራራውን የሚሸከም ጉልበት የለውም። የቆየ ቼዳር ራሱ ኃይለኛ ስለሆነ ቢራውን ይችለዋል። የእኛ አይብ አልቻለም። መልኩም አመድ መሰለ። ልጆቹ እንኳን ጥለውት ሄዱ።

ሦስተኛው ላይ እማማ ገቡበት። «አይቡን መጀመሪያ አድርቁት» አሉ። በንጹሕ ነጠላ ቋጥረን ከጣሪያው ማገር ላይ ሌሊቱን ሰቀልነው፤ ከሥሩ ሳፋ አደረግን፣ አጓቱ ሲንጠባጠብ አደረ። ጠዋት ወደ ሦስት ሩብ ኪሎ የሚሆን ጠጠር ያለ አይብ ቀረ። አጓቱን አልደፋነውም፣ ዳቦ አቦካንበት። አይቡን በእጅ አሸነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ለልስላሴው፣ አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ከጨው ጋር ተወቅጦ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ ገባበት። ከቢራው ማታ ተከፍቶ ያደረውን ሁለት ሲኒ ብቻ፣ በማንኪያ በማንኪያ እያልን አፈሰስንበት። ከላይ ጤና አዳም ጣል አደረግን።

ምን ልበላችሁ! ዳቦ ላይ ሲቀባ እንደ ቅቤ ይንሸራተታል። መጀመሪያ አይብ ነው፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርቱ ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ የብቅልና የቆሎ የሚመስል ጣዕም አፍ ውስጥ ይቀራል፤ ሚጥሚጣው ደግሞ ዘግይቶ ያቃጥላል። ቀምሰን ተያየን። «ወይ ኬንታኪ!» አለ አንዱ።

ጥንቃቄያችን

እዚህ ላይ ራሳችንን አመስግነን ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቢራ እንደማይነኩ እናውቃለን። ጴንጤዎቹም አይጠጡም። ልጆችም አሉ። ስለዚህ ቢራው ከመግባቱ በፊት አይቡን ለሁለት ከፈልነው። ቢራ የሌለበትን በሰማያዊ ሳህን፣ ያለበትን በነጭ ሳህን አደረግነው። ማንኪያው እንኳን እንዳይደባለቅ ለየነው። ሰማያዊውን ከበሩ በስተቀኝ፣ እንግዶቹ በሚቀመጡበት ምንጣፍ ላይ አኖርነው። ለሶማሌ ጎረቤቶቻችን «ይሄ የእናንተ ነው፣ ምንም የለበትም» ብለን አንድ በአንድ ነገርናቸው። ደስ አላቸው። እኛም ደስ አለን፤ አስተዋይ ሰዎች ነን ብለን አሰብን።

የነገርነው ግን ለእንግዶቹ ብቻ ነበር።

የረሳነው ሰው

ከሰባቱ ቤቶች በአንዱ ብቻውን የሚኖር ወንድማችን አለ። ኬዙ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለስበት መጠጥ ጀመረ። መጀመሪያ ከሰው ጋር፣ ቆይቶ ብቻውን። በካምፑ ዳር የሚሸጠውን ቻንጋ ጠዋት ጠዋት መጎንጨት ከጀመረ በኋላ ሚስቱ ልጇን ይዛ ወደ ሌላ ዞን ሄደች። ይሄንን ሁሉ ቧንቧው ያውቃል። ከዚያ አንድ ቀን፣ ማንም ሳይለምነው፣ ተወው። ድግሱ በተደረገበት ጊዜ ካቆመ አራት ዓመት ሊሞላው ነበር። ልጁም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ታድር ጀምራለች።

ይህ ወንድማችን በማናቸውም ድግስ ላይ የማይቀር ሰው ነው። ቀድሞ ይመጣል፣ ፍየሉን ያርዳል፣ ይገፍፋል፣ ይበልታል። ጠላና ቢራ መውጣት ሲጀምር ሻዩን ይዞ ከጓሮ ይቀመጣል፤ ቤቱ ሲሞቅ ደግሞ ቀስ ብሎ ይሄዳል። «ለምን ትሄዳለህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። ምክንያቱ ይታወቃል ብለን ነው።

የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ከጓሮ ሥጋ ሲከትፍ ዋለ። ቁርስ አልበላም። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ አንዲት ታዳጊ ልጅ ከነጩ ሳህን ዳቦ ላይ ቀብታ ወሰደችለት። «ጋሼ፣ ቅመስ፣ በጣም ይጣፍጣል» አለችው። እጁ ሥጋ ስለነካ አጎረሰችው። አንድ በላ። ሁለተኛ በላ። ሦስተኛውን ወደ አፉ ስታቀርብለት ፊቱን መለስ አድርጎ አሸተተውና «ምን አለበት?» አላት። ልጅቱ ክፋት የላትም። «ቢራ ነዋ፣ የአሜሪካ አሠራር ነው» አለችው።

እጁን ታጠበ። ቢላዋውን መክተፊያው ላይ ሰክቶ ተነሣና ሄደ።

እኛ ያወቅነው ሥጋው ዘግይቶብን ወደ ጓሮ የወጣን ጊዜ ነው። መክተፊያው ላይ የቆመ ቢላዋ፣ ያልተጨረሰ ሥጋ፣ ከአጠገቡም የምታለቅስ ልጅ። ነገሩ ሲገባን ዝም አልን። ከመካከላችን አንዱ ግን «ኧረ ተዉ፣ ሁለት ሲኒ ቢራ ለ60 ሰው ምን ይሆናል? እሱ የበላው ጠብታ እንኳን አይሞላም» አለ። በሂሳብ ከሄድን ልክ ነው። በሂሳቡም ተጽናናንና ድግሱን ቀጠልን። ከአይቡ በላይ የሚያሳፍረን ይሄ ነው። ዘፈኑ ተዘፈነ፣ ተሸኚዎቹ ተመረቁ፣ የሄደ የለም። «ነገ እንጠይቀዋለን» ተባለ።

ቡና ላይ የተባለው

በማግስቱ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው አስከትለውን ሄዱ። ቤቱ ክፍት ነበር። ቡና አፍልቶ ጠበቀን። ያጠፋው እሱ ይመስል።

ይቅርታ ጠየቅን። «እኮ ትንሽ ናት፣ አላወቅንም፣ ልጅቱ ናት» አልን። ይሄን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ እንዲህ አለን፦

«መጠኑን አላልኩም። ልጅቱንም እንዳትቆጧት። ግን ሽታው አፌ ውስጥ አደረ። ሌሊት ተነሥቼ ቻንጋ እስከሚሸጥበት በር ድረስ ሄጄ ነበር። ቆሜ ተመለስኩ። ቅዳሜ ልጄ ትመጣለች ብዬ ተመለስኩ።»

ማንም አልተናገረም። ከዚያ ቀጠለ፦ «ለሙስሊሞቹ ሳህን ለያችሁ፣ ደግ አደረጋችሁ። ለጴንጤዎቹም ለያችሁ። እኔን ስታስቡ የት አስቀመጣችሁኝ?»

እማማ መለሱ፦ «ልጄ፣ አንተንማ የቤት ሰው አድርገንህ ነው።»

«የቤት ሰው አይጠየቅም እንዴ እማማ?» አላቸው።

እማማ መልስ አልነበራቸውም። እኛም አልነበረንም። አገራችን ውስጥ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባል ተረት አለ፤ ሌላ ሴት ለማማት የምንጠቀምበት ተረት ነው። ያን ቀን ግን ሰባታችንም ቤት ላይ ገባ። እንግዳ እንዳይከፋው ሳህን ቀለም ለየን። ጎረቤት «ዘመድ እንኳን እንዲህ አይጠነቀቅም» ብሎ እንዲያመሰግነን ፈለግን። ከጠዋት ጀምሮ ለእኛ ሲያርድ የዋለውን ሰው ግን ቁርስ በላህ ወይ ብለን አልጠየቅነውም፣ ምን እንደምናበላው አልነገርነውም። ሰማያዊውን ሳህን ቢያይ ኖሮ እንኳን «የእንግዳ ነው» ብሎ አይነካውም ነበር። ቆይተን ስንጠይቀውም ይሄንኑ ነው ያለን።

የተማርነው

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ነገር ጠየቅን፣ አነበብን። ለድግስ የምታዘጋጁ ሁሉ እንድታውቁት እንጽፈዋለን።

አንደኛ፣ ይህ አይነቱ አይብ እሳት ስለማይነካው ከቢራው የገባው አልኮል እንዳለ ይቀመጣል። «በስሎ ከሆነ ይተናል» የሚሉም አሉ፣ እሱም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። አልኮል የገባበት ወጥ ሩብ ሰዓት ቢንተከተክ ከአልኮሉ 40 ከመቶ ያህሉ ይቀራል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢበስልም 5 ከመቶ የሚሆን ይገኝበታል። መጠኑ ጥቂት ነው፣ ሰው አያሰክርም። ግን የሃይማኖቱን ሕግ ለሚጠብቅ፣ ወይም ጣዕሙና ሽታው ራሱ ጠላቱ ለሆነበት ሰው፣ ጥቂት ነው ብሎ መወሰን የእኛ ሥልጣን አይደለም። የባለቤቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ምግብ ከመዞሩ በፊት ምን እንዳለበት ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ለሁሉም እንጂ ለእንግዳ ብቻ አይሁን። የሚያዞሩት ልጆች ከሆኑ ልጆቹ አስቀድመው ይወቁት። ጥፋቱ ልጅ ላይ እንዲወድቅ አናድርግ።

ሦስተኛ፣ አይብ በእኛ ሙቀት ጓደኛ አይደለም። ቀኑ 35 ዲግሪ በሚያልፍበት ቦታ ፍሪጅ ከሌለ ከአንድ ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። በትንንሽ ሳህን ማውጣት፣ የቀረውን እርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ ሸክላ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ማቆየት፣ የተሠራውን በዕለቱ መጨረስ ይበጃል። የተረፈ ካለ «ነገ እበላዋለሁ» አይባልም።

የዘንድሮው ሳህን

የሸኘናቸው ቤተሰቦች በሰላም ገቡ። ከዚያ በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስደተኞችን የምትቀበልበት ፕሮግራም ታገደ፣ ከቧንቧችን የሁለት ቤት ኬዝ በመንገድ ላይ ቀረ። በዚያው ዓመት ራሽኑም ተቀነሰ። የ2018 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ሐሙስ ዋለ፣ ጾም የለም፤ ግን ፍየልም አልነበረም። «ዘንድሮ ይቅር» ያሉ ነበሩ። እማማ ግን «ዓመት ያለ ድግስ አይገባም፣ ጥቂትም ቢሆን አፍ ይንካ» አሉ።

2 ሊትር ወተት ተገኘ። ሁለት ሳህን ማድረግ አይበቃም። አንድ ብቻ እንሥራ፣ ያም ሁሉም እጁን የሚያስገባበት ይሁን ተባለ። ታዲያ የቢራው ጣዕም ከየት ይምጣ? ቢራ ውስጥ የሚጣፍጠው የተቆላው እህል ነው አይደል? አንድ እፍኝ ገብስ ቡናማ እስኪሆን ቆላን፣ በሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀቀልነው፣ ግማሽ ሲኒ እስኪቀር ተነነ፣ አጥልለን አቀዘቀዝነው። አልተብላላም፣ አልቦካም፣ ስለዚህ አልኮል የለበትም። ለመኮምጠጡ ጥቂት ሎሚ ጠብ አደረግንበት። ቢራውን በማንኪያ እንዳደረግነው በማንኪያ በማንኪያ ከአይቡ ጋር አሸነው። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን አያህልም። ግን ያንን የቆሎ ጣዕም አገኘነው።

የዚያ ቀን ወንድማችን የሚያርደው ነገር አልነበረውም። በጠዋት መጥቶ በሩ ላይ ቆመና «እኔ ምን ልሥራ?» አለ። ከመካከላችን አንዲት ሴት ሙቀጫውን ሰጠችው፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወቀጠ። ሲጨርስ እማማ ሳህኑን አቀረቡለትና ምን ምን እንደገባበት አንድ በአንድ ቆጠሩለት፤ ገብሱን፣ ሎሚውን፣ ቅቤውን፣ ሚጥሚጣውን። እሱም እስከ መጨረሻው አዳመጣቸውና፣

«እማማ፣ ጨው ረስታችኋል» አላቸው።

እውነትም ረስተን ነበር።

ለቀጣዩ በዓል የምትሞክሩት ካላችሁ፣ ለአንድ ሊትር ወተት አይብ አንድ የሾርባ ማንኪያ የገብስ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ፣ አንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ጣት የያዘችው ሚጥሚጣና ጨው ይበቃል። በአምባሻ፣ በቻፓቲ፣ በካሮትም ይሄዳል። ቢራውን የምትፈልጉ ቤታችሁ ያለውን ሰው መጀመሪያ ጠይቁ። የእናንተን አሠራር ደግሞ ጽፋችሁ ላኩልን፣ ቧንቧው ጋ እንሞክረዋለን።

መልካም በዓል ይሁንላችሁ።